ቆጥረናል፤ መቼ እንሞክራለን?

እ.ኤ.አ. በ1917 ጆን ሊንድበርግ የተባለ የፊንላንድ የዐይን ሐኪም የታካሚዎቹን ዐይን ሲመረምር አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ። በሌንሱ ፊትና በብሌኑ ጠርዝ ላይ ግራጫ ቀመስ ነጭ ብናኝ ተለጥፏል፤ ፎረፎር ይመስላል። ዛሬ ሐኪሞች ሱዶኤክስፎሊዬሽን ይሉታል። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የሰሜን አውሮፓ ሽማግሌዎች በሽታ ተደርጎ ሲታይ ቆየ። በ2004 ግን ሁለት ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች አዲስ አበባ ውስጥ የሞራ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ሰዎችን መርምረው ያገኙትን አሳተሙ። ከመቶው 39.3 ያህሉ ያው ብናኝ ነበረባቸው። (በዚህ ጽሑፍ ‘ዓ.ም.’ ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ለቀዶ ሐኪም ትንሽ ቁጥር አይደለም። ብናኙ ከዐይን ውስጥ ፈሳሽ የሚወጣበትን መንገድ እየደፈነ ግፊትን ያንራል፤ ግፊቱ ውሎ አድሮ የእይታ ነርቭን ይጎዳል። ግላኮማ የሚመጣው በዚህ በኩል ነው። በዚያ ላይ ሌንሱን አንጠልጥለው የያዙትን ቀጫጭን ክሮች ያላላል፤ ብሌኑም ማስፊያ ጠብታ ተደርጎበት እንኳ እንደ ልብ አይከፈትም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ዐይን ሞራ የሚያወጣ ሐኪም ክሮቹ በመሐል ቢበጠሱ ሌንሱ ወደ ኋላ እንደሚወድቅበት እያሰበ ነው የሚሠራው። ሌላ አገር አልፎ አልፎ የሚገጥም ፈተና፣ ከአሥር ታካሚ አራቱ ዘንድ ካለ፣ እዚህ የዘወትር ሥራ ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ ጥናት ወዲህ ሃያ ዓመት አልፏል። ቁጥሩ በየጽሑፉ መግቢያ ላይ ይጠቀሳል። ቀጥሎ መምጣት የነበረበት ጥያቄ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ዐይን ጠብታ ይሻላል ወይስ ሌዘር ወይስ ቢላዋ የሚለው፣ ከቁጥሩ እኩል አልተራመደም። የእኔም ክርክር እዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያ የዐይን ምርምር በገጠር፣ በትራኮማ ላይ፣ ለዓለም የተረፉ ሙከራዎችን አካሂዷል። በከተማ፣ በትልቁ የማስተማሪያ ሆስፒታል ደጃፍ የሚሰለፉትን በሽታዎች ግን ባመዛኙ እየቆጠረ ኖሯል።

ደጃፉ የት እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው መንገር አያስፈልግም። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ከእንጦጦ ግርጌ፣ የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ከዐድዋ ድል ማግስት የመጡት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች የጀመሩትን ሥራ ተከትሎ የተቋቋመ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ቤት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዐይን ሕክምና ትምህርት ክፍል መቀመጫውን እዚህ ካደረገ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከአንጋፋዎቹ የአገራችን የዐይን ስፔሻሊስቶች ብዙዎቹ የተማሩት እዚህ ነው። በ2003 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዐይን ባንክም ሥራውን የጀመረው በዚሁ ግቢ ነው።

በዚህ ደጃፍ ምን ይመጣል? ሞራው የበሰለ አዛውንት ይመጣል፤ ይህ ደስ የሚል እንግዳ ነው፤ አይቶ ይመለሳልና። ገለባ ወግቶት ብሌኑ ላይ ቁስል ያወጣ ገበሬ ይመጣል። ስኳር ሬቲናውን ያደማበት ነጋዴ ይመጣል። ግላኮማ ያለበት ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዐይኑን ጨርሶ፣ ሁለተኛውን አጋምሶ ይመጣል፤ በሽታው አያምም፣ እይታን ከዳር ወደ መሐል ነው የሚበላው፤ ሰውየው የፊት ለፊቱን እስካየ ድረስ ደህና ነኝ ይላል። ከሁሉም የሚከብደው ብሌኑ በጨለማ እንደ ድመት ዐይን ነጭ የሚያበራ ሕፃን ነው። ሬቲኖብላስቶማ፣ የሕፃናት የዐይን ካንሰር፣ በጊዜ ከተደረሰበት የሚድን በሽታ ነው። ከ153 አገሮች 4351 ሕፃናትን የመዘገበው፣ የእኛም አገር ሐኪሞች የተሳተፉበት የ2020 ጥናት እንዳሳየው፣ በሀብታም አገሮች ሕፃኑ በሽታው የሚታወቅለት በአማካይ በ14 ወሩ ሲሆን በድሃ አገሮች በ30 ወሩ ነው። ካንሰሩ ሲታወቅ ከዐይን አልፎ የወጣባቸው ሕፃናት ደግሞ በሀብታሞቹ 1.5 በመቶ ሲሆኑ በድሆቹ 49.1 በመቶ ናቸው።

ቆጠራ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. የተደረገው ብሔራዊ የዐይን ጤና ዳሰሳ ባይኖር ስለ ምን እንደምናወራም ባላወቅን ነበር። ያ ዳሰሳ ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዐይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው እይታው የደከመ መሆኑን አሳየ። ከዐይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉን (49.9 በመቶ) ያመጣው ሞራ፣ 11.5 በመቶውን በትራኮማ የመጣ የብሌን ጠባሳ፣ 5.2 በመቶውን ግላኮማ ነበር። ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት ሕፃናት 40.1 በመቶው ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው፤ በአማራ ክልል ብቻ ሲታይ 62.6 በመቶ። መንግሥትም ለጋሾችም በዚህ ቁጥር ተንቀሳቅሰዋል። ነገር ግን ቁጥር በሽታው የት እንዳለ ይነግራል እንጂ የቱ መድኃኒት እንደሚሻል አይነግርም።

የሚነግረው ሙከራ ነው። ይህንንም ከጎጃም በላይ ያሳየ የለም።

ምሥራቅ ጎጃም፣ ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ። ከ2006 ጀምሮ የካርተር ማዕከል፣ የአማራ ክልል ጤና ቢሮና በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው የፕሮክተር ፋውንዴሽን ተመራማሪዎች 72 ንዑስ ቀበሌዎችን በዕጣ ደለደሉ። ለአንዱ ወገን አዚትሮማይሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በዓመት አንዴ፣ ለሌላው ሁለቴ፣ ለሌላው ለሕፃናቱ ብቻ በየሦስት ወሩ ተሰጠ፤ ሌላው ወገን ሕክምናው ዘግይቶ እንዲደርሰው ተደረገ። ውጤቱ የሚያስገርም ነበር። ሕፃናቱ በየሦስት ወሩ በታከሙባቸው ቀበሌዎች የትራኮማው ባክቴሪያ በሕፃናቱ ዘንድ ከ48.4 በመቶ በአንድ ዓመት ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። መድኃኒቱን አንድም ቀን ያልወሰዱት ትልልቆቹም ላይ ቀነሰ። እናት ዐይኗን የምትታመመው ከልጇ እንደሆነ፣ ልጁን ማከም እናቱንም መጠበቅ እንደሆነ በቁጥር ተረጋገጠ።

ከዚያ የባሰ ተንኮለኛ ጥያቄ ተከተለ፤ በዓመት አንዴ ወይስ ሁለቴ? በጉራጌ ዞን የተሠራና በ2008 የታተመ ሌላ ሙከራ፣ እንደ ዶ/ር ወንዱ ዓለማየሁ ያሉ ኢትዮጵያውያን የተሳተፉበት፣ ሁለቴው ይበልጣል የሚል ምልክት ሰጥቶ ነበር። የጎጃሙ ውጤት፣ በተሾመ ገብሬ መሪነት በ2012 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው፣ ሌላ አለ። ከ42 ወር በኋላ በዓመት አንዴ የታከሙት ከ41.9 ወደ 1.9 በመቶ፣ ሁለቴ የታከሙት ከ38.3 ወደ 3.2 በመቶ ወረዱ። በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረም። ለሚሊዮኖች መድኃኒት ለሚያከፋፍል ፕሮግራም ይህ ማለት የግማሽ ያህል ድካም ቁጠባ ነው። ሁለት የአገር ውስጥ ሙከራዎች ሲጋጩ ማየት ደግሞ ደስ ይላል፤ የበሰለ ምርምር ምልክቱ ይኸው ነው።

ጎጃም ሳይጠየቅ የመለሰው ጥያቄም ነበር። የሕዝብ ቆጠራው በጥንቃቄ ስለተያዘ፣ ተመራማሪዎቹ በዚያው መዝገብ ላይ የሞቱትን ሕፃናት ቢያዩ፣ መድኃኒቱ በደረሰባቸው ቀበሌዎች ሞቱ ግማሽ ያህል ሆኖ አገኙት። በ2009 የታተመው ይህ ግኝት በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ ለተካሄደ እጅግ ትልቅ ሙከራ መነሻ ሆነ። በ2018 የወጣው የዚያ ሙከራ ውጤትም የሕፃናት ሞት 13.5 በመቶ መቀነሱን አሳየ። የዐይን መድኃኒት ሕይወት ማዳኑ የታየው አንድ ወረዳ ውስጥ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ የሚለው በትክክል ስለተጻፈ ነው።

እኔ ከሁሉም የምወደው ግን የወረንጦውን ሙከራ ነው። ትራኮማ የከፋበት ሰው የሽፋሽፍቱ ፀጉር ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብሌኑን ይወጋዋል፤ የጤና ባለሙያዎች ቲቲ የሚሉት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ሰው ቀዶ ሕክምና ይደረግለት ይላል። የገጠር ሰው ግን ከጥንት ጀምሮ ፀጉሩን በወረንጦ ይነቅላል፤ ብዙዎችም ቢላዋውን ፈርተው ከወረንጦአቸው አይለዩም። ለብዙ ዘመን ይህ እንደ ኋላ ቀር ልማድ ታየ። በምዕራብ ጎጃም የሠሩት ተመራማሪዎች ግን ቁም ነገር አድርገው ፈተኑት። ከስድስት ያነሱ ፀጉሮች የሚወጓቸውን 1300 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈሉ፤ ገሚሱ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ ገሚሱ ጥሩ ወረንጦ ተሰጥቶት እንዴት እንደሚነቅል ተማረ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁኔታቸው የባሰባቸው በቀዶ ሕክምናው 2.2 በመቶ፣ በወረንጦው 13.2 በመቶ ሆኑ። ቀዶ ሕክምናው ይበልጣል። እይታቸውና የብሌናቸው ጥራት ግን በሁለቱ ወገን አልተለያየም፤ በአራት ዓመቱ ክትትልም እንዲሁ። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናን እንቢ ያለች እናት ጥሩ ወረንጦና ምክር ይዛ ብትሄድ ዐይኗን አሳልፋ ሰጠች አይባልም። ጥያቄው ከሰው ቤት የወጣ ነበር፤ መልሱም ወደ ሰው ቤት ተመለሰ።

ከዚህ ቡድን የወጣው እስማኤል ሀብታሙ ዛሬ ባሕር ዳር ላይ የራሱን የዐይን ጤና ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መሥርቷል። እርሱ የመራው የ2016 ሙከራ 1000 ሰዎችን ይዞ ሁለት የቀዶ ሕክምና ዘዴዎችን አወዳደረ፤ በአንዱ ዘዴ ፀጉሩ በዓመቱ የተመለሰው በ22 በመቶው ላይ ሲሆን በሌላው በ13 በመቶው ላይ ነው። በ2018 ደግሞ ዶክሲሳይክሊን የተባለው መድኃኒት ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቢሰጥ ፀጉሩ እንዳይመለስ ይረዳል ወይ ብሎ 1000 ሰዎች ላይ ሞከረ። አልረዳም። እንዲህ ያለ ‘አልሠራም’ የሚል መልስ የሚናቅ አይደለም፤ ሰውን የማይጠቅም ኪኒን ከመዋጥ፣ አገርን ከመግዛት ያድናል። በዋግ ኽምራ በ40 ቀበሌዎች የተካሄደውና በ2022 የታተመው ሙከራም ደፋር ነበር። ውሃ ማቅረብና ፊት መታጠብን ማስተማር ባክቴሪያውን ይቀንሳል ወይ አለ። በሦስት ዓመት ውስጥ የታየ ልዩነት አልነበረም። ውሃ ለሰው ልጅ ያስፈልጋል፤ ይህን ለማወቅ ሙከራ አያሻም። ትራኮማን ለማጥፋት ግን እንደታሰበው አልበቃም፤ ይህንን ደፍሮ የነገረን ሙከራው ነው እንጂ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት አይደለም።

እንግዲህ ጎንቻ ላይ የተቻለው የካ ላይ ለምን ከበደ?

መጀመሪያ የሚነሳው ገንዘብ ነው፤ እውነትም ነው። አዚትሮማይሲንን ፋይዘር በነጻ ይሰጣል፤ ትራኮማን ለማጥፋት ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አለ፤ ኢትዮጵያም ከዓለም የበሽታው ሸክም ግማሽ ያህሉን ትሸከማለች። ጋና በ2018፣ ማላዊ በ2022፣ ማሊ በ2023 ትራኮማን እንደ ሕዝብ ጤና ችግር ማስወገዳቸው ሲረጋገጥላቸው የዓለም ዐይን እኛ ላይ መቅረቱ አይቀርም። ገንዘብ ያለበት ጥያቄ ይጠየቃል። ለአዛውንት ግላኮማ እንዲህ ያለ ቀጠሮ የያዘ ለጋሽ የለም።

ገንዘብ ብቻውን ግን ነገሩን አይፈታውም። ሁለተኛው ምክንያት ቀለል ያለ ይመስላል፤ ቀበሌ ከቦታው አይነሳም፣ ታካሚ ግን ይሄዳል። ጎንቻ ላይ ተመራማሪው ከዓመት በኋላ ሲመለስ ቤቱ እዚያው ነው። ምኒልክ የመጣው የወለጋ ወይም የባሌ ሰው ጠብታውን ተቀብሎ ወደ አውቶቡስ ተራ ይሄዳል፤ የሰጠው ስልክ የልጁ፣ ወይም የጎረቤቱ፣ ወይም የደላላው ነው። ካርዱ ወረቀት ነው፤ ወረቀት ይጠፋል። እንዲህ ባለ ቦታ የሦስት ዓመት ክትትል ማሰብ ድፍረት ይመስላል። ይሁንና የቲቲ ሙከራዎች በእያንዳንዱ ሰው ላይ የተሠሩ ነበሩ፤ ከአሥር ሰው ከዘጠኝ በላይ በዓመትና በሁለት ዓመቱ ተገኝቷል። የተገኘው ማንም ስላልተንቀሳቀሰ አይደለም፤ ሰውን እየዞረ የሚፈልግ፣ ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ ስለነበረ ነው። የጎደለን ያ ሠራተኛ ነው።

ሦስተኛው የትምህርት ቤት ልማድ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። ለስፔሻሊስትነት የሚማር ሐኪም የመመረቂያ ጥናት መሥራት ግዴታው ነው። ጊዜው አጭር ነው፤ በጀት የለም፤ ስለዚህ በአንድ ዓመት ውስጥ በአንድ ክሊኒክ የመጡትን ቆጥሮ፣ ‘የዚህ በሽታ መጠንና ተያያዥ ምክንያቶች’ ብሎ ያስረክባል። ቀጣዩ ሌላ በሽታ ይቆጥራል። ተማሪው አልበደለም፤ ሥርዓቱ ነው ለእያንዳንዱ ለብቻው ትንሽ መቁጠሪያ የሚሰጠው። የየዓመቱን የመመረቂያ ጥናቶች በአንድ ትልቅ ጥያቄ ዙሪያ ያሰለፈ ትምህርት ክፍል ቢኖረን፣ አንዱ ቢጀምር፣ ሁለተኛው ቢከታተል፣ ሦስተኛው ቢዘጋው፣ በአምስት ዓመት አንድ ሙከራ ይወጣ ነበር።

ይህ ሕልም አይደለም፤ ደቡብ ሕንድ ማዱራይ ያለው የአራቪንድ ዐይን ሆስፒታል ኑሮው ይኸው ነው። በቀን የሚያየውን የታካሚ ብዛት እንደ ችግር ሳይሆን እንደ ሀብት ቆጠረው። በፈንገስ የቆሰለ ብሌን ናታማይሲን ይሻለዋል ወይስ አዲሱና ውዱ ቮሪኮናዞል የሚለውን በ323 ሰዎች ላይ ፈትኖ በ2013 አሳተመ፤ አሮጌው ናታማይሲን በለጠ። ያን ያህል የብሌን ቁስል ለመሰብሰብ የለንደን ሆስፒታል ዕድሜ ልኩን ይጠብቃል። ገለባና አፈር የሚያቆስለውን ገበሬ ዐይን የሚያይ ሆስፒታል ነው ይህን መመለስ የሚችለው። የእኛም ገበሬ እኮ ገለባው ያው ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ኪሊማንጃሮ ነው። በብሪታንያ የተሠራው የ2019 ሙከራ ግላኮማ ሲጀምር ጠብታ ከመስጠት ይልቅ ኤስኤልቲ የተባለውን ሌዘር ቢያስቀድሙ ከአራት ዐይን ሦስቱ ገደማ ለሦስት ዓመት ያለ ጠብታ መቆየት እንደሚችሉ አሳየ። ሞሺ የሚገኘው የኪሊማንጃሮ ክርስቲያን ሕክምና ማዕከል ያንን ወረቀት አንብቦ አላጨበጨበም። የእኛ ሰዎች ዘግይተው ነው የሚመጡት፤ ግፊታቸው ከፍ ያለ ነው፤ ጠብታ መግዛት አይችሉም፤ ለእነሱም ይሠራል ወይ ብሎ ጠየቀ። በ2021 ውጤቱን አወጣ። በዓመቱ ማብቂያ ሌዘር ከተደረገላቸው ዐይኖች 61 በመቶ ሲሳካላቸው፣ በየቀኑ ቲሞሎል ጠብታ የታዘዘላቸው 31 በመቶ ብቻ ተሳካላቸው።

እዚህ ላይ ሰው ‘እንግዲህ ታንዛኒያ ሠርታልናለች፤ እኛ መሣሪያውን እንግዛ’ ሊል ይችላል። መልሴ ወደ ፎረፎሩ ይመልሰኛል። ሌዘሩ የሚሠራው ፈሳሽ በሚወጣበት ቦታ ባሉት ቀለም የተሸከሙ ሴሎች ላይ ነው። ሱዶኤክስፎሊዬሽን ያለበት ዐይን እዚያ ቦታ ላይ ብዙ ቀለም ይከማችበታል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ በደንብ ይመልሳል፤ ነገር ግን ከሌዘሩ በኋላ ግፊቱ ድንገት ሊነሳ ይችላል፤ ጥቅሙም ከሌላው ቶሎ ይደክማል። ከሞራ ታካሚዎቻችን ከአሥሩ አራቱ ይህ ካለባቸው፣ ከግላኮማ ታካሚዎቻችንም ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው ማለት ነው። ታዲያ ለእነሱ ጥቅሙ ስንት ወር ይቆያል? መቼ ይደገማል? በየስንት ጊዜው መታየት አለባቸው? ይህን ከብሪታንያም ከሞሺም ተውሰን አናመጣውም። ሱዶኤክስፎሊዬሽን የበዛበት ሆስፒታል ነው መልስ የሚሰጠው፤ ያ ሆስፒታል ደግሞ የካ ላይ አለ።

መልሱ የሚያስፈልገው ለመጽሔት አይደለም። ቲሞሎል ርካሽ ጠብታ ነው ይባላል፤ ዕድሜ ልክ ሲገዛ ግን ርካሽ የሚባል ነገር የለም። ፋርማሲ ውስጥ ሲጠፋ፣ ታካሚው ‘ምንም አላመመኝም’ ብሎ ሲተወው፣ አስም ያለበትም ስለሚከለከል፣ ወረቀት ላይ የታዘዘው ሕክምና እና ዐይን ውስጥ የገባው ሕክምና ሁለት ነገር ይሆናሉ።

ምርመራውም ቢሆን ሙከራ ይሻል። ሬቲናን በካሜራ አንስቶ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማንበብ ዛሬ የመድረክ ወሬ ሆኗል፤ ማሽኑ ምን ያህል በትክክል ያያል የሚለው ላይ ሁሉም ይጮኻል። ሩዋንዳውያን ሌላ ጠየቁ። ስኳር ሕመምተኛው ውጤቱን እዚያው በማሽን ወዲያው ቢነገረው ወደ ዐይን ሐኪም ይሄዳል ወይ? በ2022 የወጣው መልስ፣ ወዲያው የተነገራቸው 51.5 በመቶ ሲሄዱ በኋላ የተነገራቸው 39.6 በመቶ ሄዱ የሚል ነው። ልዩነቱ ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ ወዲያው ከተነገራቸውም ግማሽ ያህሉ አልሄዱም። እንዲህ ያለ ቀዝቃዛ ቁጥር ለመሣሪያ ግዢ ኮሚቴ ትልቅ ስጦታ ነው።

ከሆስፒታሉ ቀና ብሎ እንጦጦን ላየ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 3200 ሜትር ገደማ ነው። ወደ ላይ በየ1000 ሜትሩ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በአሜሪካና በእስራኤል የተሠራ የ2014 ጥናት ከቤት ውጭ ብዙ ሰዓት የዋለ ሰው ለሱዶኤክስፎሊዬሽን ይበልጥ ተጋላጭ መሆኑን አሳይቷል። የእንጦጦ ቅጠልና እንጨት ተሸካሚ እናቶች በዚያ ፀሐይ ውስጥ አርባ ዓመት ይውላሉ። ያው ሕዝብ፣ ያው ምግብ ይዞ፣ በግማሽ ቀን መንገድ ከደጋ ወደ አዋሽ ቆላ የሚወርድበት አገር ለዚህ ጥያቄ የተፈጥሮ ላቦራቶሪ ነው። የዘር ጉዳይም አለ፤ በአውሮፓውያን ላይ በሽታውን ያመጣል የተባለው የዘረመል ልዩነት በጃፓኖች ዘንድ ተገልብጦ መገኘቱ፣ ከአንዱ ሕዝብ የተገኘን መልስ ለሌላው መስጠት እንዴት እንደሚያሳስት ጥሩ ማስረጃ ነው።

እንጦጦ የጸበል ቦታም ነው። ዐይኑ የደከመ ሰው ብዙ ጊዜ ከሆስፒታል በፊት ወደ ኪዳነ ምሕረት ወይም ወደ እንጦጦ ማርያም ይወጣል። ሐኪሞች ይህን ‘ዘግይቶ መምጣት’ በሚለው ሰንጠረዥ ውስጥ ጽፈው ያልፉታል። እኔ ግን እድል ሆኖ ነው የሚታየኝ። በ2007 የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ይወሰዱ ብለው በይፋ ሲናገሩ፣ ከዚያ በፊት እንጦጦ ላይ መድኃኒቱን ጥለው የተቀመጡ ብዙ ሰዎች መንገድ ተከፍቶላቸዋል። የዐይን ግፊት መለኪያ የያዙ ሁለት ነርሶች፣ በቤተ ክርስቲያኑ ፈቃድ፣ በበዓላት ማግስት ጸበሉ አጠገብ ቢቀመጡ ስንት ግላኮማ አንድ ዐይን ከመጥፋቱ በፊት ይገኛል? ከተገኙትስ ስንቱ ወደ ሆስፒታል ይወርዳል? ይህ ራሱ በዕጣ ሊፈተን የሚችል ሙከራ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የፋይዘር ስጦታ አያስፈልገውም።

የሚያስፈራ ነገር አለ፤ አልደብቅም። ሙከራ ሲባል የሰው ጆሮ ይቆማል፤ ‘እኛን መሞከሪያ ሊያደርጉን ነው’ የሚለው ጥርጣሬ መሠረት የለውም አይባልም። ጎንቻ ላይ ሕክምናው ሆን ተብሎ የዘገየባቸው ቀበሌዎች ነበሩ፤ በኋላ ደረሳቸው፣ ግን አንድ ዓመት ጠበቁ። እንዲህ ያለውን ውሳኔ የሚመዝነው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ጠንካራና ከተመራማሪው ነጻ መሆን አለበት፤ የስምምነት ቅጹም ለታካሚው በሚገባው አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ተነቦለት እንጂ አውራ ጣቱን አስነክሮ የሚያልፍ መሆን የለበትም። ግን ሳይሞክሩ ማከምም ሙከራ ነው፤ ልዩነቱ ውጤቱን የሚጽፍ አለመኖሩ ብቻ ነው። ዛሬ ሱዶኤክስፎሊዬሽን ላለበት ሰው ይህን ወይም ያንን የሚያዝ ሐኪም በየቀኑ እየሞከረ ነው፤ ከሺህ ታካሚ በኋላም ከጀመረበት ብዙ አላለፈም።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍሉ፣ ለጤና ሚኒስቴርና ለዩኒቨርሲቲው የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። ከሚቀጥለው የተማሪ ምድብ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይመረጥ፤ ሌዘር ወይስ ጠብታ፣ በሱዶኤክስፎሊዬሽን ግላኮማ ላይ። ለክትትል ደመወዝ የሚከፈላቸው ሠራተኞች ይቀጠሩ፤ ካርዱ ከወረቀት ይውጣ፤ የየዓመቱ መመረቂያ ጥናት በዚያ መዝገብ ላይ ይሠራ። ባሕር ዳር ያሉት ወንድሞቻችን ሰውን እየዞሩ መፈለግን ያውቁበታል፤ ይጠየቁ፣ ያስተምሩ። አንባቢም ድርሻ አለው። እናትዎ ወይም ወንድምዎ ግላኮማ ካለባቸው እርስዎ በብዙ እጥፍ ለበሽታው የተጋለጡ ነዎት፤ ሳያምዎት ይመርመሩ። ሐኪሙ አንድ ቀን ‘ጥናት አለን፤ ይሳተፋሉ?’ ቢልዎት፣ ምን እንደሚያደርጉ፣ ማን እንደፈቀደውና ውጤቱ ለማን እንደሚነገር ይጠይቁት፤ መልሱ ካረካዎት ይግቡበት።